ያለ መኪና ወደ ሌኮክ፦ የድሮ የእንግሊዝ መንደርን በአንድ ቀን አይቶ ለመመለስ

በየዓመቱ የአየሩ ሙቀት ከፍ ሲልና ዘመድ ከያለበት መምጣት ሲጀምር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። «እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች፤ የለንደንን ድልድይና ቤተ መንግሥት አሳይቻታለሁ። አሁን የድሮ የእንግሊዝ ገጠር ማየት ትፈልጋለች፤ እኔ ደግሞ መኪና የለኝም። የት ልውሰዳት?» ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከመመለስ አንድ ጊዜ በዝርዝር መጻፉ ይሻላል።

መልሴ ሌኮክ ነው። ሌኮክ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በዊልትሸር አውራጃ ውስጥ፣ ከቺፕነም ከተማ በስተደቡብ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ መንደር ነው። የመረጥኩት ሌላ የሚያምር መንደር ጠፍቶ አይደለም። ቺፕነም ከለንደን በቀጥታ ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ብቻ ስለሚርቅ፣ ከዚያም መንደሩ ድረስ አውቶቡስ ስላለ፣ መንደሩም አራት መንገዶች በሳጥን ቅርጽ የተገናኙበት ትንሽ ቦታ በመሆኑ አዛውንትም ሕፃንም ሳይደክሙ ስለሚያዩት ነው። ከ1944 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ መንደሩ ከሞላ ጎደል ታሪካዊ ቦታዎችን የሚጠብቀው የናሽናል ትረስት ንብረት ነው። ይህ ድርጅት የመብራት ሽቦና የቴሌቪዥን አንቴና ከዓይን እንዲሰወር ስላደረገ የቤቶቹ መልክ አልተበላሸም። የፊልም ሠሪዎች መመላለሻ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከመጀመራችን በፊት ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልበል። እዚህ የምጠቅሰው ሰዓት ሁሉ በእንግሊዝ አቆጣጠር ነው። የባቡርና የአውቶቡስ ሰሌዳዎች 24 ሰዓት ስለሚቆጥሩ 15፡40 ማለት በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ40 ነው። ከአገር ቤት የመጣ ዘመድዎ ስልኩን ካላስተካከለ ወይም ሰሌዳውን ለብቻው የሚያነብ ከሆነ ይህንን ቀድመው ይንገሩት፤ በዚህ ብቻ አውቶቡስ ያመለጣቸው ሰዎች አሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ያለ ንክኪ የሚከፍል የባንክ ካርድ። አውቶቡሱ ላይ ገንዘብ ከመቁጠር ያድናል።
- ጥቂት ሳንቲሞች። አንዳንድ ነዋሪዎች ማርማላታ፣ ጣፋጭ ወይም የአበባ ችግኝ ደጃፋቸው ላይ አስቀምጠው አጠገቡ የገንዘብ ሣጥን ያኖራሉ። ሻጭ የለም፤ ዋጋው በወረቀት ተጽፏል፤ ሳንቲሙን ጨምረው ዕቃውን ይወስዳሉ። በዚያ ሣጥን ካርድ አይሠራም።
- የባቡር ትኬት፣ በስልክ ወይም በወረቀት።
- የሞላ ስልክና ተጨማሪ ባትሪ። የአካባቢውን ካርታ ቀድመው ስልክዎ ላይ ያውርዱ፤ የገጠር ኔትወርክ እንደ ለንደኑ አይደለም።
- ዝናብ የሚከላከል ኮፍያ ያለው ጃኬት። በጠባብ የእግረኛ መንገድ ላይ ጃንጥላ ሰው ያስቸግራል።
- ጠፍጣፋና የማያንሸራትት ጫማ። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ወጣ ገባ ነው።
- ውኃና ስንቅ። ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ በቂ ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ ምሳ ላይ ስንደርስ እናያለን።
- የናሽናል ትረስት አባልነት ካርድ፣ ካለዎት። የመንደሩን ዋና መስህብ፣ ሌኮክ አቢ የሚባለውን የቀድሞ ገዳም፣ በነጻ ያስገባል።

ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ደግሞ የመግቢያ ፈቃዱን ቀደም ብለው ያጣሩ። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም (ከአየርላንድ በስተቀር) የአውሮፓ ኅብረት አገር ፓስፖርት ያለው ሰው ቪዛ ባያስፈልገውም ከ2025 ጀምሮ ኢቲኤ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ከመነሳቱ በፊት ማውጣት አለበት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው፣ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል። ኢቲኤውን ከብሪታንያ መንግሥት መተግበሪያ ወይም ድረ ገጽ ብቻ ያውጡ፤ በመካከል ገብተው ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቁ ድረ ገጾች ሞልተዋል።

1. ቀኑን ይምረጡ

ከሚያዝያ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያለ ቀን ቢሆን ጥሩ ነው። ቅዳሜና እሑድ መንደሩ በመኪና ይሞላል፤ በእሑድ ደግሞ አውቶቡሱ በጣም ይቀንሳል ወይም ጭራሽ ላይኖር ይችላል። «የባንክ በዓል» የሚባሉት ሰኞዎችም እንደ እሑድ ይቆጠራሉ። በታኅሣሥ መሄድ ካለብዎት ፀሐይ 16፡00 ገደማ እንደምትጠልቅ አስበው ሁሉንም ነገር ቀደም ያድርጉት።

ቀኑን ከመቁረጥዎ በፊት ሦስት ነገር ያረጋግጡ፦ በባቡር መስመሩ ላይ የጥገና ሥራ አለመኖሩን (ካለ ባቡሩ በአውቶቡስ ይተካና ጉዞው ይረዝማል)፣ የአውቶቡሱን የዕለቱን ሰሌዳ፣ የገዳሙ የላይኛው ፎቅ ክፍሎች ክፍት መሆናቸውን። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ግቢው ክፍት ስለሆነ ብቻ ክፍሎቹም ክፍት ናቸው ማለት አይደለም።

2. ዕቅዱን ከመመለሻው ይጀምሩ

ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ደረጃ ነው። አብዛኛው ሰው «በስንት ሰዓት እንነሳ?» ብሎ ይጀምራል። እርስዎ «በስንት ሰዓት እንመለስ?» ብለው ይጀምሩ። የገጠር አውቶቡስ ካመለጠ የሚቀጥለው አሥር ደቂቃ ቆይቶ አይመጣም፤ የመጨረሻው ካመለጠ ደግሞ ጭራሽ የለም።

እንዲህ ያድርጉ። ከሌኮክ ወደ ቺፕነም የሚሄደውን የመጨረሻ አውቶቡስ ሰዓት ይፈልጉና ይጻፉት፤ ግን አይጠቀሙበት። ከእሱ በፊት ያለው የእርስዎ አውቶቡስ ነው፤ የመጨረሻው መጠባበቂያ ሆኖ ይቀመጥ። ከዚያ ቺፕነም በሚደርሱበት ሰዓት ላይ 45 ደቂቃ ይጨምሩና ከዚያ በኋላ የሚነሳ ባቡር ይምረጡ። 45 ደቂቃው ለቅንጦት አይደለም፤ አውቶቡሱ ሊዘገይ ይችላል፣ ከአውቶቡስ ጣቢያ እስከ ባቡር ጣቢያ መንገድ አለ፣ ከልጅ ጋር ከሆኑ ደግሞ መጸዳጃ ቤት አለ።

ቀጥሎ ሁለት ሰዓቶች ይጨምሩ፦ የገዳሙ ክፍሎች የሚከፈቱበትንና ምሳ የሚበሉባቸው የመንደሩ መጠጥ ቤቶች ወጥ ቤት የሚዘጋበትን። ክፍሎቹ ከግቢው ዘግይተው ይከፈታሉ፤ ወጥ ቤቶቹ ደግሞ ከ14፡00 ወይም 14፡30 በኋላ እስከ ማታ ምግብ አያወጡም። በዚህ መሠረት ደህና የሚሠራው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ 10፡30 ገደማ መድረስ፣ መንገዶቹን መዞር፣ ከዚያ ገዳሙ፣ 13፡00 ምሳ፣ ከምሳ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑና ወንዙ፣ ከዚያ አውቶቡስ።

3. የባቡር ትኬቱን ይግዙ

ከለንደን የሚነሱት ከፓዲንግተን ጣቢያ ነው፤ ባቡሩ የግሬት ዌስተርን ሬይልዌይ ነው። ከባዝ ከተማ ለሚነሱ ቺፕነም ሩብ ሰዓት እንኳ አትሞላም።

ሁለት ዓይነት ትኬት ያጋጥምዎታል። «አድቫንስ» የሚባለው ርካሽ ነው፤ ግን በተጻፈበት ባቡር ብቻ ይሠራል። «ኦፍ ፒክ» የሚባለው ባቡር የመምረጥ ነጻነት ይሰጣል፤ ግን በሥራ ቀን ማልዶ በሚነሳ ባቡር ላይ አይሠራም። ለመሄጃው አድቫንስ ይሻላል፤ የሚነሱበትን ሰዓት የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ለመመለሻው ዋጋውን አመዛዝነው የሚቻል ከሆነ ኦፍ ፒክ ይውሰዱ፤ ምክንያቱም መመለሻውን የሚወስነው አውቶቡሱ ነው።

ልጆች ካሉ «ፋሚሊ ኤንድ ፍሬንድስ» የሚባለውን የቅናሽ ካርድ ያስቡበት። ከአዋቂ ትኬት አንድ ሦስተኛ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ካለ ልጅ ትኬት 60 በመቶ ይቀንሳል፤ ለሰፊ ቤተሰብ በአንድ ጉዞ ዋጋውን ሊመልስ ይችላል። በሥራ ቀን ጠዋት ገደብ ስላለው ደንቡን ያንብቡ። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ትኬት አያስፈልጋቸውም።

ማስጠንቀቂያ፦ በለንደን ባቡሮች እንደለመዱት ካርድዎን በር ላይ ነክተው ወደ ቺፕነም መሄድ አይችሉም። በዚያ መስመር ያለ ንክኪ መክፈል የሚቻለው እስከ ሬዲንግ ነው። ከዚያ አልፈው ያለ ትኬት ከተገኙ ቅጣት ይከፍላሉ።

4. ከቺፕነም ባቡር ጣቢያ ወደ አውቶቡሱ

ከጣቢያው ወጥተው ቁልቁል ወደ ከተማው መሃል ይሂዱ። የኤቨንን ወንዝ ይሻገራሉ፤ ከዚያ ሱቆች በግራና ቀኝ የተደረደሩበትን ዋና መንገድ ሽቅብ ይወጣሉ። የአውቶቡስ ጣቢያው ከገበያው አደባባይ አጠገብ በቲምበር ስትሪት ነው። ሩብ ሰዓት ይመድቡለት። ስንቅ የጎደለ ካለ እዚሁ ይግዙ፤ መንደሩ ውስጥ ሱፐርማርኬት የለም።

የሚፈልጉት አውቶቡስ ኤክስ34 ነው፤ በመልክሻምና በትሮውብሪጅ በኩል ወደ ፍሩም ይሄዳል። ስልክዎ ላይ መንደሩን ሲፈልጉ ኤል፣ ኤ፣ ሲ፣ ኦ፣ ሲ፣ ኬ ብለው ይጻፉ። ለሹፌሩ ግን «ሌኮክ፣ ጆርጅ ኢን» ይበሉት፤ ማቆሚያው በዚህ ስም የሚታወቀው መጠጥ ቤት ፊት ለፊት ነው። የመልስ ትኬት እንዳለ ሹፌሩን ይጠይቁ፤ ከሁለት ነጠላ ትኬት ሊረክስ ይችላል።

ሲወርዱ ወዲያው አይሂዱ። የመመለሻው ማቆሚያ የቱ እንደሆነ ይዩ፤ የተለጠፈውን ሰሌዳ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ኔትወርክ ቢጠፋም ፎቶው አብሮዎት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከቺፕነም እስከ ሌኮክ 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ብለው በኤ350 አውራ ጎዳና ዳር በእግር ለመሄድ አይሞክሩ። መኪናው ፈጣን ነው፤ መንገዱም ለእግረኛ አልተሠራም።

5. አራቱን መንገዶች ይዙሩ

የመንደሩ መንገዶች ለመዞር ክፍያ የለም። አውቶቡሱ ያወረደዎት በዌስት ስትሪት ነው። ከዚያ ወደ ሃይ ስትሪት ይሂዱና ወደ ምሥራቅ ይጓዙ። በግራና ቀኝ የሚያዩዋቸው ቤቶች አንዳንዶቹ ድንጋይ፣ አንዳንዶቹ በእንጨት ማዕቀፍ መካከል በልስን የተሞላ ግድግዳ ያላቸው ናቸው። ቀና ብለው ጣሪያውን ይመልከቱ፤ ብዙዎቹ በሸክላ ሳይሆን በስሱ በተጠረበ ድንጋይ የተከደኑ ስለሆኑ ከዘመን ብዛት ማገሩ ጎብጧል።

ሃይ ስትሪት ከኢስት ስትሪት ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን የአሥራት ጎተራው አለ። ከ14ኛው መቶ ዘመን የቆየ ሲሆን ገበሬው ለገዳሙ የሚከፍለው አሥራት በእህልና በበግ ፀጉር የሚገባበት ነበር። ክፍት ከሆነ ገብተው ጣሪያውን የተሸከሙትን ጎባጣ ምሰሶዎች ይዩ፤ ከመሬት ተነሥተው ቅስት ሠርተው ላይ ይገናኛሉ። አጠገቡ ያለችው ጣሪያዋ የከበበ ትንሽ የድንጋይ ቤት የመንደሩ ሰካራም እስኪበርድለት የሚቆለፍባት ነበረች። ልጆች ሁልጊዜ የሚወዷት እሷን ነው።

ኢስት ስትሪትን ይዘው ቸርች ስትሪት ላይ ይውጡ። ወደ ቀኝ ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ እሱን ለከሰዓት ያቆዩትና ወደ ግራ ዳቦ ቤቱ ድረስ ይሂዱ። ዳቦው እስከ ከሰዓት ሊያልቅ ስለሚችል የሚገዙ ከሆነ አሁን ይግዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ መኪና በግራ በኩል ይነዳል። ከአዲስ አበባ፣ ከአሜሪካ ወይም ከእስራኤል የመጣ ሰው ሲሻገር በልማድ ወደ ግራ ቀድሞ ያያል፤ እዚህ ቀድሞ መታየት ያለበት ቀኝ ነው። የእግረኛው መንገድ ጠባብ ስለሆነ ሰው ለፎቶ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አስፋልቱ ላይ ይወጣል።

6. ገዳሙንና ሙዚየሙን ይጎብኙ

መግቢያው ከመንደሩ በስተምሥራቅ ነው። ትኬቱ ሙዚየሙን፣ ግቢውንና ገዳሙን ያጠቃልላል። በ13ኛው መቶ ዘመን የሶልዝበሪዋ ባላባት ኤላ የሴቶች ገዳም አድርጋ መሠረተችው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ገዳማትን ሲዘጋ ተሽጦ መኖሪያ ቤት ሆነ። ስለዚህ ስሙ ገዳም ይባል እንጂ መነኮሳት የሉበትም፤ ጫማ ማውለቅም ሆነ መሸፋፈን አያስፈልግም። እናቶች ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ ቀድመው ይንገሯቸው።

ከምድር ቤቱ ይጀምሩ፤ ያኔ የላይኞቹ ክፍሎች እስኪከፈቱ ጊዜዎ አይባክንም። አራት ማዕዘን ሆኖ የሚዞረው ባለ ቅስት መተላለፊያ ከመነኮሳቱ ዘመን የቀረው ክፍል ነው። ዓይንዎን ወደ ላይ ያንሱ፤ ቅስቶቹ በሚገናኙበት ሁሉ የተቀረጸ ድንጋይ አለ። ከክፍሎቹ በአንዱ፣ መነኮሳቱ እሳት ይሞቁበት በነበረው፣ የድግስ ጎላ ድስትን የሚያስንቅ የብረት ማሰሮ ተቀምጧል። ልጆችዎ የሃሪ ፖተርን የመጀመሪያ ፊልሞች አይተው ከሆነ መተላለፊያውን ያውቁታል፤ የትምህርት ቤቱ ትዕይንቶች ከፊሉ የተቀረጹት እዚህ ነው።

ላይኛው ፎቅ ላይ ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚያልፈው ነገር አለ። በደቡብ በኩል ባለው ረጅም ክፍል ውስጥ ወደ ውጭ ወጣ ያለች ትንሽ መስኮት ይፈልጉ፤ መስተዋቷ በቀጫጭን እርሳስ ተያይዞ በትናንሽ ቁርጥራጮች የተሠራ ነው። የቤቱ ባለቤት የነበረው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በነሐሴ 1835 ካሜራውን ወደዚህች መስኮት አዙሮ ያነሳው ምስል እስከ ዛሬ ከተረፉት የፎቶግራፍ ኔጋቲቮች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ምስሉ ከፖስታ ቴምብር ብዙም አይበልጥም፤ ሆኖም ሲሠራ በአጉሊ መነጽር 200 ያህል የመስተዋት ቁርጥራጮች ይቆጠሩበት እንደነበር ራሱ ታልቦት ጽፎበታል። ኔጋቲቩ ራሱ እዚያ ስለሌለ አይፈልጉት፤ የሚያዩት መስኮቷን ነው። ቁርጥራጮቹን ለመቁጠር መሞከር ልጆችን ጥሩ አድርጎ ያቆያል።

መስኮቷን በወጉ ለማየት ከፈለጉ መግቢያው አጠገብ ያለውን የፎክስ ታልቦት ሙዚየም ቀድመው ይግቡበት። ምን እንደሚያዩ ካላወቁ መስኮት ብቻ ነው።

የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው ደረጃውን ከመጀመሩ በፊት ሠራተኞቹን ያነጋግር። ምድር ቤቱና የአትክልት ቦታው ብቻውን ትኬቱን ይክሳል። ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ካለዎት በፊት በኩል እንዲይዙት ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲዞሩ ዕቃ እንዳይገጭ ነው።

7. ምሳ፣ በተለይ በጾም ቀን

እንግሊዝ አገር መጠጥ ቤት ማለት ምግብ ቤትም ነው፤ ቀን ላይ ልጅ ይዞ መግባት የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ አስተናጋጅ አይመጣም፤ ቦታ ይዘው የጠረጴዛውን ቁጥር ያዩና ባንኮኒው ዘንድ ሄደው አዘው ይከፍላሉ። ይህን ሳያውቁ ተቀምጠው ሲጠብቁ ወጥ ቤቱ የተዘጋባቸው አሉ። ከአራት ሰው በላይ ከሆናችሁ ቀደም ብለው በስልክ ቦታ ይያዙ። በጆርጅ ኢን የሚቀመጡ ከሆነ ምድጃውን ይዩት፤ ከጎኑ ውሻ እየረገጠ የሥጋ መጥበሻውን እንዲያዞር የተሠራ መንኮራኩር አለ።

አሁን ወደ ጾሙ። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ፍልሰታ ላይ ከሆነ «ቬጂቴሪያን» አይበሉ። በዚያ ቃል ካዘዙ ቅቤ፣ ወተት፣ አይብና ዕንቁላል ያለበት ይቀርብልዎታል። የሚሉት «ቪጋን» ነው። ሾርባው ውስጥ ክሬም፣ ዳቦው ላይ ቅቤ፣ የተፈጨው ድንች ውስጥ ወተት መኖሩን ለይተው ይጠይቁ። የእንግሊዝ መንደር የሚታወቅበት የከሰዓት ሻይ፣ ከስኮን ዳቦና ከወፍራም ክሬም ጋር የሚቀርበው፣ በጾም ቀን ፈጽሞ አይሆንም፤ ስኮኑ ራሱ በቅቤ የተሠራ ነው። ስንቅ ያዙ ያልኩት ለዚህ ነው። ዘመድዎ ክሬሙን መቅመስ ከፈለገች ቀኑን ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ያድርጉት።

ሙስሊም ከሆኑ መንደሩ ውስጥ ሐላል ሥጋ አገኛለሁ ብለው አይቁጠሩ። ዓሣና አትክልት አለ። ድንች ጥብሱ በዘይት ወይስ በሞራ እንደተጠበሰ፣ ወጡ ወይም ጣፋጩ ውስጥ ወይን ጠጅ ወይም ቢራ መግባቱን ይጠይቁ። ጥያቄው የተለመደ ስለሆነ ማንም ቅር አይለውም።

8. ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወንዙና ሪብሪጅ

በቸርች ስትሪት መጨረሻ ያለው ቤተ ክርስቲያን የተሰየመው እኛ ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር በምናስበው በሕፃኑ ሰማዕት በቅዱስ ቂርቆስ ስም ነው። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው የማይበራ እናት አላጋጠመኝም፤ የሻማ ሳንቲም ያዘጋጁ። የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ በጫማ ይገባል፤ ወንዶች ኮፍያ ያወልቃሉ። ጸሎት ወይም ሠርግ ካለ ውጭ ቆይተው ይጠብቁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ ባይድ ብሩክ የሚባለው ጅረት መንገዱን አቋርጦ ይፈስሳል። መኪና በውኃው ውስጥ ያልፋል፤ እግረኛ በጎን ባለው አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ይሻገራል። ልጆች ውኃው ውስጥ መግባት ይፈልጋሉ፤ ከታች ያለው ድንጋይ አረንጓዴ ሻጋታ ስለያዘ ያንሸራትታል።

ጉልበትና ጊዜ ካለዎት ከድልድዩ ማዶ ሽቅብ ወጥተው በሜዳው በኩል ወደ ሪብሪጅ የሚወስደውን የእግር መንገድ ይያዙ። ጥቂት የሣር ክዳን ቤቶች ያሏት ትንሽ መንደር ናት። ሜዳው የግጦሽ መሬት ስለሆነ በሮቹን እንዳገኟቸው ይተዉ፤ የተዘጋውን ዘግተው ይለፉ፤ አለበለዚያ ከብት ይወጣል። በመንገዱ ዳር ያለው ሳማ አገር ቤት እንዳለው ያቃጥላል፤ ቁምጣ ለለበሰ ልጅ ይጠንቀቁለት።

9. ፎቶ ሲያነሱ

ቤቶቹ ሙዚየም አይደሉም፤ ሰው ይኖርባቸዋል። በመስኮት አሻግሮ ማየት፣ ደጃፍ ላይ መቀመጥ፣ የአትክልት በር ከፍቶ መግባት ነውር ነው። የአገር ልብስ ለብሰው ፎቶ መነሳት የሚፈልጉ ብዙ ናቸው፤ ለራስ ማስታወሻ ከሆነ ማንም አይከለክልም። መብራትና ቡድን ይዞ ለሠርግ ወይም ለሙዚቃ ቪዲዮ መቅረጽ ግን አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ድሮን ይዘው አይምጡ፤ ናሽናል ትረስት ያለ ፈቃድ በመሬቱ ላይ ማብረር ይከለክላል።

መኪና የሌለበት ፎቶ ከፈለጉ ኢስት ስትሪት ከሁሉም ይሻላል፤ ጠባብ ስለሆነ ብዙ አይቆምበትም።

10. መመለስ

ማቆሚያው ላይ አሥር ደቂቃ ቀደም ብለው ይገኙ። አውቶቡሱ ሲመጣ እጅዎን ይዘርጉ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሹፌሩ እጅ ያልዘረጋ ሰው ካየ ሌላ የሚጠብቅ መስሎት ያልፋል።

አውቶቡሱ ካመለጠ የጻፉት መጠባበቂያ አለ። እሱም ካመለጠ የቺፕነም ታክሲ ድርጅት ይደውሉ፤ ሁለት ስልክ ቁጥር ከቤት ሳይወጡ መዝግበው ይያዙ። እንደ ለንደን በመተግበሪያ ጠርተው በአምስት ደቂቃ መኪና ይመጣል ብለው አይተማመኑ። ቁጥሩ ከሌለዎት ከመጠጥ ቤቶቹ ወደ አንዱ ገብተው ይጠይቁ፤ ይደውሉልዎታል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ሁለት መንደር በአንድ ቀን። ካስል ኩምም ከቺፕነም ሩቅ ስላልሆነ «ሁለቱንም እንይ» የሚል አይጠፋም። በመኪና ይቻላል፤ በአውቶቡስ ግን ቀኑን ማቆሚያ ላይ ቆመው ይጨርሱታል።

እስከ ባዝ አድቫንስ ትኬት ገዝቶ ቺፕነም ላይ መውረድ። አድቫንስ ትኬት በመሃል መውረድን አይፈቅድም።

ገዳሙን ለመጨረሻ ማቆየት። የመጨረሻው መግቢያ ከመዝጊያው ሰዓት ቀድሞ ስለሆነ በር ላይ የሚመለሱ ብዙ ናቸው።

የሕፃን ጋሪ። ትልቁን ጋሪ ቤት ይተዉት። አውቶቡሱ ላይ ቦታ የለውም ማለት ይቻላል፤ የእግረኛው መንገድ ላይ አይገጥምም፤ ደረጃ ላይ አይወጣም። ታጣፊው፣ ወይም የተሻለ ማዘያ፣ ይበቃል።

ባዝን መጨመር ለሚፈልጉ

በአንድ ቀን ሁለቱን አያጣምሩ፤ ባዝ አድረው በማግሥቱ ይሂዱ ወይም በተቃራኒው። ባዝ ካደሩ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው ከ1936 እስከ 1940 የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ ከከተማው በስተምዕራብ በኒውብሪጅ ሰፈር፣ በኬልስተን መንገድ ላይ ነው። በ1958 ለአረጋውያን አገልግሎት እንዲውል ለከተማው የሰጡት ቤት ነው። ከመሃል ከተማ ወደ ኒውብሪጅ አቅጣጫ የሚሄድ አውቶቡስ አለ። ቤቱ በየቀኑ ለጎብኚ አይከፈትም፤ ስለዚህ ሆቴል ከመያዝዎ በፊት የጉብኝት ቀኑን ጠይቀው የባዙን ቀን በዚያ ላይ ያስተካክሉ፤ ሌኮክን ወደ ሌላኛው ቀን ይግፉት።